በስልክ የተደመጠው ደረት

ሎርና ቬተል የሐኪምነት ሥራዋን ትታ በአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ የስልክ ሕክምና መዝገቦችን ታጠናለች። የምትፈልገው ስሕተት አንድ ነው፤ ሐኪሙ የቀድሞ ማስታወሻውን ገልብጦ ሲለጥፍ ሳይጠፋ የሚቀረው «ደረቱ ተደመጠ፤ ንጹሕ ነው» የሚል መስመር። በስልክ ደረት አይደመጥም።

«አንቺ፣ ሌላ ጀግና አገኘሁልሽ!» አለ ባልደረባዋ ክሊፍ እየሳቀ። «ጆሮው ከስልሳ ማይል ይሰማል። በሽተኛው ግን በአራተኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተ።»

ጎንበስ ብላ አየች። ሟቹ ገበሬው ኦርቪል ሃውገን ነው፤ ክሊፍ ልብ ያላለው የሐኪሙ ፊርማ ደግሞ የራሷ ነው። ያን ቀን በስልክ ሲያስል ሰምታው ነበር። «አቧራ ነው፣ ዶክተር» ብሏት ነበር።

የክሊፍ ሳቅ ጠፋ። «ብንዘለውስ? ከአራት መቶ መዝገብ አንዱ ቢጎድል ማን ያውቃል?»

«ሳሉ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም» አለችና ስሕተት ብላ መዘገበችው። ከዚያም ለሟቹ ሚስት ልትነግራት የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች። ይህን በስልክ አትነግራትም።