የጌጤ ፒካፕ የእጅ ፍሬን

ረዘነ የእጅ ፍሬን ሲያስተካክል ተመልካች አጥቶ አያውቅም። ካቦ የሚሉትን የፍሬን ሽቦ ማጥበቅ ምን የሚታይ ነገር አለው? ሰው የሚሰበሰበው ከሥራው በኋላ የሚመጣውን ለማየት ነበር።

አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የሸበተ መካኒክ ነው። ደርግ ሲወድቅ ናይሮቢ ገባ። ወረቀት ስለሌለው የሚቀጥረው ጠፋና ኪሊማኒ፣ ቁልቁለቱ መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ክሪኩን ይዞ ተቀመጠ። ደንበኛ የምትልክለት ጌጤ ነበረች። ጌጤ በፒካፗ ሩንዳ ላሉት የዲፕሎማት ቤቶች አትክልት የምታከፋፍል፣ ቸርች ውስጥ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሴት ናት። እሷ «ጎበዝ ነው» ካለች አበሻ ሁሉ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ «አይረባም» ካለች ረዘነና ሚስቱ ተብለጽ ጦማቸውን ያድራሉ።

አንድ ቀን ፍሬኑን አስተካክሎ ሲጨርስ፣ ጌጤ ሆዬ ፒካፑን ዳገቱ ላይ አቁማ፣ የእጅ ፍሬኑን ብቻ ስባ ማርሹን ዜሮ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ሥራዎን ያምኑታል?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ከኋላ ጎማው ሥር እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሽማግሌው ዙሪያውን አየና አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። ፍሬኑ ያዘ። ጌጤ አጨበጨበችለት፤ ወሬው በየምግብ ቤቱ ተዳረሰና ደንበኛ በደንበኛ ሆነ። ታዲያ የመጣው ሁሉ ያንኑ ማየት ይፈልጋል። ሽማግሌውን በአገሩ አፍ እየጠሩ፣ «ሙዜ፣ እስቲ ቁጭ ይበሉልን!» ይሉታል።

ሰው ነውና ፈራ። የእጅ ፍሬን ሲለቀቅ ጎማው እንደ ልቡ መዞር እንዳለበት ያውቃል። የጌጤ ፒካፕ ፍሬኑ ላልቶ ተመልሶ ሲመጣ ግን እግሩን ለማዳን ካቦውን ከልኩ በላይ አጠበቀው። ዌስትላንድስ ሰፈር ላይ የኋላ ጎማው ታምቡር ግሎ መኪናዋ ጭስ በጭስ ሆነች፤ ጎመኑ ፀሐይ ላይ ጠወለገ።

ጌጤ በንዴት ተመለሰች። «ያጠበቁት ፈርተው ነው አይደል?» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«አዎ» አለ። መዋሸት እንኳ አላወቀበትም።

«በሉ በልኩ ያላሉትና ይቀመጡ። አለዚያ ነገ አንድ አበሻ እዚህ ዛፍ ሥር አያዩም።»

አላላው፤ ተቀመጠ። ጌጤ ጋቢና ገባችና የፍሬኑን እጀታ ዝቅ አደረገችው። ፒካፑ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ጎማው የጫማውን ሶል ሲነካ መልሳ ሳበችው። ረዘነ ዓይኑን ጨፍኗል። ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም እዚያው መሀል ቆሜ ነበር፤ ያን ሳቅ ዛሬም ድረስ እጠላዋለሁ።

ጌጤ እጀታውን ሁለተኛ ስትይዝ ተብለጽ ምሳውን ይዛ ደረሰች። ሳህኑን ጥላ ሮጠች፣ ባሏን ብብቱ ሥር ይዛ ጎተተችው። «ተነሥ! አብደሃል እንዴ? ተነሥ እንጂ!»

ረዘነ እጇን ከላዩ ላይ አነሣ።

«ተይኝ ተብለጽ» አላት፣ «ሥራ ላይ ነኝ።»