የእፎይ ተራ

በክር ፋብሪካችን የመፍተያው ክፍል ማሽኖች ለምሳ ብለው አይቆሙም። ሰው ግን መብላት አለበት፤ ስለዚህ በየፈረቃው ተተኪ የምትባል ሠራተኛ አለች። ሥራዋ ከማሽን ወደ ማሽን እየዞረች፣ ባለ ማሽኗ በልታ እስክትመለስ በቦታዋ መቆም ነው። ጩኸቱ ስለማያነጋግር ትከሻ መታ ታደርጋለች። መታ ከተደረግሽ ዞረሽ አታይም፤ እጅሽን ታነሻለሽ፣ የእሷ እጅ ይገባል፣ ትሄጃለሽ። ስትመለሺ በጎን ገብተሽ ትረከቢያለሽ። ትከሻ የሚመታው ለምሳ ብቻ ነው። እኔ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሰው ትከሻዬን ቢነካኝ ብድግ ብዬ መቀመጫዬን ለቅቄለት፣ ሰውየው እስኪወርድ ሲመርቀኝ ነበር።

የእኛን ተተኪ እፎይ እንላታለን። ስሙን ያወጣችላት በወሬዋ ብዛት ሬዲዮ የምንላት የጎኔ ባለ ማሽን ናት። እፎይ ስትመጣ ሁላችንም ያንኑ ቃል እንተነፍሳለንና። አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ብቻዋን አሳድጋ ዘንድሮ የነርስነት ትምህርት አስገብታታለች። ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ስለሆነ፣ ጠዋት በሯ ሲጢጥ ሲል ሰምቼ ነው እኔም የምነሣው።

ቀድሞ ተተኪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ሌላዋን ታስወጣት ነበር። ሁለተኛዋ አግብታ ስትሄድ በቦታዋ ሰው አልተቀጠረም። ከዚያ ወዲህ እፎይን ምሳ የሚያስወጣት ጠፋ። ጥጥ ከተቆለለበት ጥግ ቆማ ጎረስ አድርጋ ትሮጣለች፤ አንዳንድ ቀን እሱም አይሆንላትም።

ስኳር በሽታ እንዳለባት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ክሊኒክ አብሬያት ገብቻለሁ። ሐኪሙ፣ "እናቴ፣ ይህን መድኃኒት ወስደው ምሳ አይዘለልም። ራስዎን ስተው ይወድቃሉ፤ ከወደቁ ደግሞ መነሣትዎን እንጃ" አላት።

ስንወጣ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

"ለፎርማኑ እንዳትነግሪብኝ። በሽተኛ ማሽን ላይ አላቆምም ብሎ ያሰናብተኛል። ልጄ ሳትጨርስ?"

"ብትወድቂስ?"

"አልወድቅም። ስኳሬ ሲወርድ የምልሰው ከረሜላ እይዛለሁ።"

ከዚያ ወዲያ የሽርጧ ኪስ ከረሜላ አያጣም። ሬዲዮ ደግሞ መች ትለቃትና! "እፎይዬ፣ በስተርጅና ጥርስሽን ልታረግፊው ነው? በይ አንዷን ወዲህ በያት!" ትላታለች። እፎይ ፈገግ ብላ ትሰጣታለች። እኔ ውስጤ እያረረ ክሬን እቋጥራለሁ።

አንድ ቀን አንደኛው ማሽን ሲያስቸግር አርፍዶ የሁሉም ተራ ተጓተተ። ሬዲዮ ምሳዋን በልታ ስትመለስ ቀጣይዋ እኔ ነበርኩ። በሬዲዮ ማሽን ላይ የቆመችውን እፎይን በጎን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። የተበጠሰ ክር ልትቋጥር ብትል ጣቶቿ እምቢ አሏት፤ ያ ሳይያዝ ሌላው ተበጠሰ። ኪሷን ዳበሰች። ባዶ ነው። የመጨረሻዋን ከረሜላ ጠዋት ሬዲዮ ወስዳባታለች።

ሬዲዮ ከኋላዋ ደርሳ ቆመች። ለቀልድ የከፈተችውን አፍ የእፎይን ጣቶች ስታይ ገጠመችው። ከዚያ ትከሻዋን መታ አደረገቻት።

እፎይ እጇን አላነሣችም። ስንቱን መታ አድርጋ ያስነሣች ሴት፣ በራሷ ሲመጣ ምን እንደሆነ ጠፋት። ፎርማኑ መሰላት መሰለኝ ሳትዞር ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "አሁን እቋጥረዋለሁ፣ ጋሼ" አለች።

ሬዲዮ ደግማ መታቻትና ጆሮዋ ሥር ጮኸች።

"ምሳ ነው፣ አንቺ! ተራሽ ነው!"

"የማን ተራ?"

"ያንቺ ነዋ፣ የማን ሊሆን!" ብላ ያችኑ የጠዋቷን ከረሜላ፣ ለራሷ ልጅ ያስቀመጠቻትን፣ ከኪሷ አውጥታ አፏ ውስጥ ከተተችላት።

እፎይ ወደ እኔ አየች። ቀጣይዋ እኔ ነኛ። "ሂጂ" አልኳት በእጄ። ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ ምግብ ክፍሉ ሄደች።

ፎርማኑ ብዙም ሳይቆይ መጥቶ በመካከላችን ቆመና ጮኸ።

"ተተኪዋ የታለች? ቀጣይዋ ለምን አልወጣችም?"

"ቀጣይዋ እኔ ነኝ፣ ጋሼ። አልራበኝም" አልኩት። የማሽኑ ድምፅ ባይውጠው ኖሮ ሆዴ ያጋልጠኝ ነበር።

"ታማለች እንዴ?"

ሬዲዮ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሣ፣ "ምሳ ሰዓቷ ነው" አለችው። በዕድሜዋ እንዲህ አጭር ተናግራ አታውቅም።

ፎርማኑ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን።

"ነገም እንዲህ ልታደርጉ ነው?"

"ነገም ይርባታላ" አለችው ሬዲዮ።

እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ ሌላው መስመር አለፈ።

እፎይ ግን ቆየችብኝ። ዓይኔ ክሩ ላይ ነው፣ ሐሳቤ የምግብ ክፍሉ ወለል ላይ። ወድቃ ይሆን? ማን ያያታል? ማሽኑን ጥዬ ልሮጥ ስል ትከሻዬ መታ ተደረገ።

ዞሮ ማየት የለም፤ እኔ ግን ዞርኩ። ሽርጧ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። እጄን አነሣሁ፣ እጇ ገባ፣ የተበጠሰውን ክር ባንዴ ቋጠረችው።