ፍልሰታ መስኮት በሌለው ካቢን

ሚያዝያ ተጋምሶ ትላልቆቹ ነጫጭ መርከቦች ሲያትል ወደብ ላይ መታየት ሲጀምሩ የእኔም መከራ ይጀምራል። ኦቴሎ ሰፈር ካለው የአበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ብገባ አንዷ ታስቆመኛለች። «አንቺ ክሩዝ ሄደሻል አሉ፤ እስኪ ንገሪን፣ ምን ይያዛል?» እዚህ አገር አንዴ የሄደ ሰው ሊቅ ነው። እኔም እነግራቸዋለሁ። መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ትልቁ ሻንጣ ካቢናችሁ የሚደርሰው ሲመሽ ነው። ምድጃ አትያዙ። ማግኔት ያለው ማንጠልጠያ ግዙ፣ ግድግዳው ብረት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ካላንደር እዩ፤ የፈረንጁን አይደለም፣ የራሳችንን። እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ሴቶቹም ይተያያሉ። በማን እንደምቆጣ አይገባቸውም።

የምቆጣው በወንድሜ ነው። ታናሼ ነው፤ ቢከን ሂል ቤት ገዝቶ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል፣ ሥራው ኮምፒውተር ነው። እኔ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ነኝ፣ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፣ እናታችንም የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። በሁለታችን ቤት መካከል ያለው መንገድ ለወሬ እንኳ አይበቃም፤ ነገር ግን አባታችን አዲስ አበባ ሲቀበር እሱ ሥራ አለብኝ ብሎ ከቀረ ወዲህ አንድ ገበታ ላይ ቀርበን አናውቅም። ሣጥኑን ተከትዬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ «ወንዱ ልጅ የት አለ?» ላለኝ ሁሉ መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። እናታችንን ሊጠይቅ ሲመጣ እኔ ሥራ እገባለሁ። የምናወራው በስልክ ነው፤ እሱም ስለ እሷ የሐኪም ቀጠሮ ብቻ።

አንድ ቀን ደወለ። «ለማዘር ሰርፕራይዝ አለኝ። አላስካ ክሩዝ ቡክ አድርጌያለሁ። ሁላችንም ነን፣ አንቺም አለሽበት።»

«መቼ?»

«ኦገስት ላይ። ሶ፣ ልጆቹ ስኩል ሳይጀምሩ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። ጉዞው የወደቀው ፍልሰታ መሃል ላይ ነው።

ሌላውን ጾም ቢረሳ እሺ፤ ፍልሰታን ሕፃን እንኳ ይጾመዋል! እሱ ራሱ በልጅነቱ ከሰፈር ልጆች ጋር ተደርድሮ ይቆርብ ነበር። እናቴማ ሱባኤ ሳትገባ ያለፈ ፍልሰታ የላትም። እዚህ ከመጣች በኋላም ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አደርሳታለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ እወስዳታለሁ፤ የምትቀምሰው በቀን አንዴ፣ ወደ ማታ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩት። «ኦ፣ ረስቼው ነው» አለኝ፤ «አሁን ግን ቼንጅ አይደረግም።» ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እናቴ አልሄድም ትላለች ብዬ ነበር። ስነግራት ግን ካላንደሩ ፊት ቆማ ቀኖቹን በጣቷ እየተከተለች ብዙ ቆየች። «እሄዳለሁ» አለች።

«ሱባኤሽስ?»

«እግዚአብሔር እዚያ የለም ያለሽ ማነው?»

ለወንድ ልጇ ስትል ጾሟን እንደሰጠችው ገባኝ። ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ አላስካ ሄደን በረዶ ካላየን የሞትን ይመስል። በዚያች ሰዓት ለራሴ ቃል ገባሁ። እሱ ይርሳ፤ እኔ ግን የእናቴ ፍልሰታ ባሕር ላይ እንዲፈርስ አልፈቅድም።

ስለዚህ ለሱባኤዋ ያስፈልጋል ያልኩትን ሁሉ ጫንኩ። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጧፍ፣ ሽሮዋን የማሞቅበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃም ጭምር። ወደቡ ላይ የፍተሻ ማሽኑ ምድጃውን አይቶ ጮኸ። ሙቀት የሚሰጥ ነገር፣ ማንቆርቆሪያም ካውያም ቢሆን፣ ካቢን ውስጥ አይገባም፤ ባሕር ላይ የሚፈራው እሳት ነው። ጧፉንም ወሰዱት። ፈታሿ ሴትዮ ሕግ ነው ያስከበረችው፤ እኔ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ለወንድሜ ያልኩትን ቁጣ ሁሉ እሷ ላይ አራገፍኩት። እሱ ከኋላችን ልጆቹን ይዞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሚስቱ «እትዬ፣ በቃ ተይው» አለችኝ። እሷንም ገላመጥኳት።

ቀጥሎ ካቢኑ። በሩን ስከፍት አልጋ፣ መስታወት፣ ቁም ሳጥን፣ እንደ ቁም ሳጥኑ የጠበበ ሻወር አየሁ፤ መስኮት የለም። መብራቱ ሲጠፋ የራስን እጅ አያሳይም። እነሱ ግን ሁለት ፎቅ ከላያችን በረንዳ ያለው ክፍል ይዘዋል። ደወልኩለት።

«እኔ ስይዝ የቀረው እሱ ብቻ ነበር» አለኝ። «ደግሞ ካቢን ውስጥ ማን ይቀመጣል? ለመኝታ ብቻ ነው።»

ማን ይቀመጣል? ሱባኤ የያዘች እናትህ ትቀመጣለች! ይህን ብዬ ዘጋሁት። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታጣጥፋለች። «ጨለማው ለጸሎት ይመቻል» አለች፤ እኔን ለማስታገሥ እንደሆነ አውቄ የባሰ ተናደድኩ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ጸሎቷን ልትጀምር ስትል ምሥራቅ ጠፋን። ቤታችን ምሥራቅ በሳሎኑ መስኮት በኩል ነው፤ ማንም አይጠይቅም። እዚህ ግን መስኮት የለም፣ ቤቱም ይዞራል። ክፍላችንን የሚያጸዳልን ጎልማሳ ፊሊፒናዊ ነበር፤ እሱን ጠየቅኩት። አልሳቀብኝም። ቴሌቪዥኑን ከፍቶ መርከቡ ያለበትን ቦታና አቅጣጫውን በካርታ የሚያሳይ ጣቢያ አወጣልኝ፤ ሌላም ጣቢያ አለ፣ ከመርከቡ ፊት ያለውን ባሕር እንዳለ የሚያሳይ። መስኮት ለሌለው ሰው መስኮቱ ይኸው ነው አለኝ። የእመቤታችን ሥዕል በቴፕ አልያዝ ብሎኝ ሲወድቅም ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ሰጠኝ። ሁለቱ አልጋዎች ተገጥመው ነበር፣ ስጠይቀው ለያየልን። በዚያ መርከብ ላይ ያልተቆጣሁት እሱን ብቻ ነው።

መርከቡ ወደ ሰሜን ሲጓዝ ምሥራቅ በቀኝ ነው። በእኛ ክፍል በቀኝ ያለው ሽንት ቤቱ ነው። እናቴን ሽንት ቤት ፊት ላስቆም ነው? ከንፈሬን ነክሼ በሩን ዘጋሁና ሥዕሏን አጠገቡ ባለው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ተራሮቹ መሃል ስንገባ መርከቡ ዞረና ምሥራቅ መስታወቱ ጋ መጣ። ከሰዓት ደግሞ ወደ በሩ ሄደ። እኔ ካርታው ላይ አፍጥጬ «እማዬ፣ ትንሽ ወደ ግራ» እላለሁ፣ እሷም ዳዊቷን እንደያዘች ትዞራለች። የወንድሜ በረንዳ በዚያው በቀኝ በኩል መሆኑን አውቃለሁ። ፀሐይዋ የምትወጣው የእሱ ወንበር ላይ ነው። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልለምነውም።

ምግቡስ? ለሚጠይቁኝ ሴቶች ይህንንም እነግራቸዋለሁ፤ መርከብ ላይ ጾመኛ አይራብም። አስተናጋጁን ቪገን ነኝ፣ የፍስክ አልበላም ማለት ነው፤ የነገውን ምግብ ዛሬ ማታ ያሳይሻል፣ የፈለግሽውን ለይተው ይሠሩልሻል። ይህን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያው ማታ ሁላችንም የእራት አዳራሹ ውስጥ በተመደበልን ክብ ጠረጴዛ ልንቀመጥ ስንል ያ ሁሉ ሳልመን ዓሣ በቅቤ እየተንጨረጨረ አጠገባችን አለፈ። ወንድሜ «ማዘር፣ ዓሣ እኮ ይበላል የሚሉ አሉ» አለ። ለእናቴ! በፍልሰታ! ክንዷን ይዤ አወጣኋት።

ከዚያ በኋላ በየማታው ላይኛው ፎቅ፣ ሰው ራሱ እያነሣ ከሚበላበት ቤት፣ ዳቦና ፍራፍሬ፣ የተቀቀለ ድንች በትሪ ይዤ እወርዳለሁ፤ በሶውን በጥብጬ አልጋዋ ላይ አቀርብላታለሁ። ወንድሜ በየማታው ቴክስት ያደርጋል። «ዲነር ኑ። እየጠበቅናችሁ ነው።» አልመልስም። አንድ ማታ እናቴ «ወርደን አብረናቸው ብንቀመጥስ?» አለች።

«ሥጋና ቅቤ እየሸተተሽ?»

ዳዊቷን ገለጠች። ይህንንም እሺ አድርጌ ወሰድኩት።

ልጆቹ አንዳንዴ በራችንን ያንኳኩና አንገታቸውን አስገብተው በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ ዓሣ ነባሪ ታየ ይላሉ፣ በረዶው ሲናድ እንደ ነጎድጓድ ጮኸ ይላሉ። ትልቋ አያቷን እጇን ይዛ ልትጎትታት ትሞክራለች። እኔ ጸሎት ላይ ናት እላታለሁ። ከባሕሩ እናቴ ያየችው ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ በዚህም የተናደድኩት በወንድሜ ነበር።

ጉዞው ሊያልቅ ሲል፣ ከመጨረሻው ቀን በፊት ባለው ማታ፣ ትሪውን ይዤ ስመለስ ካቢኑ ባዶ ነው። ሻወሩን ከፈትኩ፣ የለችም። ነጠላዋም የለም። ያ ሁሉ ፎቅ፣ ያ ሁሉ ደረጃ፣ እንግሊዝኛ የማትችል ሴት፤ በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ፊሊፒናዊውን አገኘሁት። እናትሽ በእጇ መብላት አሳየችኝ፣ ከዚያ የወንድምሽን ልጆች ቁመት አሳየችኝ፤ ወደ እራት አዳራሹ ወሰድኳት አለኝ። ፍርሃቴ ወዲያው ወደ ንዴት ተመለሰ። ትሪውን እንደያዝኩ ወረድኩ።

ክቡ ጠረጴዛ ላይ አገኘኋቸው። እናቴ በወንድሜና በትልቋ ልጅ መሃል ተቀምጣለች። ከፊቷ ምስር፣ ጎመንና ድንች አለ። ከጎናቸው አንድ ባዶ ወንበር፣ ወንበሩ ፊት ሌላ የምስር ሳህን። አስተናጋጁ ሲያየኝ ወንበሩን ሳበልኝ። በየማታው ለሁለታችሁም የጾሙን እንሠራ ነበር፣ ወንድምሽ ቀድሞ ያዝዛል፤ በየማታው እንዳለ እናነሣዋለን አለኝ።

ይህን ሰምቼ መለዘብ ነበረብኝ። እኔ ግን በአማርኛ ጀመርኩ። «ሱባኤ ላይ ናት! ዘይቱ ይሁን ቅቤው በምን ታውቃለህ? ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቃት የሰነበትኩትን ጾም አንተ በአንድ ማታ...»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ተቀመጪ» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ ሱባኤሽ እኮ ነው።»

«ሱባኤውን በምን ጉዳይ እንደያዝኩ ጠይቀሽኛል?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አባታችሁ ካረፈ ጀምሮ በየፍልሰታው እመቤታችንን የምለምናት አንድ ነገር ነው። ሁለታችሁን አንድ ገበታ ላይ እንድታሳየኝ። ቀኑን አይቼ፣ ጾም መሆኑን አውቄ የመጣሁት ለዚህ ነው። ፍልሰታ ለዓመቱም ይመጣል፤ ዓመቱ እኔን እንደሚያገኘኝ ግን አላውቅም። አንቺ ደግሞ ይኸው መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ዘግተሽ ታስጾሚኛለሽ።»

ትሪው እጄ ላይ ከበደኝ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ለእኔ ብለሽ ትመጪ ነበር። እኔ የለመንኩት ለእኔ ብላችሁ እንድትቀመጡ አይደለም።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ በእሷም ጭምር። ያን ሁሉ ደረጃ በትሪ የወጣሁ የወረድኩት ለማን ሆነና? ልጆቹ መብላት አቁመው ያዩኛል። ትሪውን አስቀመጥኩና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምስሩ ጨው ጎድሎታል።

ከዚያ ወንድሜ ቀና ሳይል «የአባባ ቀብር ጊዜ...» ብሎ ጀመረ።

«አሁን እሱን አታንሣው» አልኩት።

«ያንሣው» አለች እናቴ፣ ማንኪያዋን አስቀምጣ።

አነሣው። ለምን እንደቀረ እያለቀሰ ነበር የሚያወራው፤ የሚለው ነገር ግማሹ አልተዋጠልኝም። ተነሥቼ ግን አልሄድኩም።