ቀዩን ጽሑፍ ያጠፋሁ ጊዜ

ነገሩ ከሆነ አስራ አንድ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም የምሳ እረፍት አልቆ ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ተነስቼ እንጎራደዳለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ይጀምረኛል።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። የምኖረው ግን ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ ነው፤ ያኔ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ተከራይተን ነበር። ለአንድ የግል ክሊኒክ የበሽተኞችን መዝገብ የሚይዝ ሲስተም ሠርቼ የምከታተለውም እኔ ነበርኩ። ክሊኒኩ በእርስ በርስ ጦርነቱ የፈረሰ ግቢ እየታደሰ የተከፈተ ነው። ፎቁ ገና ስላላለቀ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይሰማል።

እዚያ ከተማ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ እስከ አስር ሰዓት ሁሉም ቤቱ ይገባል። ክሊኒኩም ከተረኞች በቀር ጭር ይላል። ሠራተኞቹ ኮምፒዩተሩን እንደተከፈተ ትተውት ይሄዳሉ። ሲስተሙ ደግሞ የማን ፋይል እንደተከፈተ የሚያስታውሰው ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ማስታወሻ እኛ ሴሽን እንለዋለን። ማንም ካልነካው ይጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ስክሪኑን ቀይ የስህተት ጽሑፍ ይሞላዋል፤ ሥራ አስኪያጁም ይደውልልኛል።

«ዘይነብ፣ ይሄን ቀይ ነገር አጥፊልኝ በአላህ! ሰው ፊት አዋረደን።»

ትክክለኛው መፍትሔ ማስታወሻው ሲጠፋ ሠራተኛው በሽተኛውን እንደገና እንዲመርጥ ማድረግ ነበር። እኔ ግን ችኩል ነኝ፣ የስልኩም ጩኸት ሰልችቶኛል። ማስታወሻው ባዶ ከሆነ በክሊኒኩ ውስጥ መጨረሻ ላይ የተከፈተውን ፋይል እንዲወስድ አንድ መስመር ጻፍኩ። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ መረቀኝ፣ እኔም ኮራሁ።

በሦስተኛው ቀን አስር ሰዓት ላይ ሥራዬን ልይ ብዬ ብሄድ ክሊኒኩ ተተራምሷል። ዳሚ ከሚባለው ሰፈር የመጣች ወላድ ደሟ አልቆም ብሏል። ነርሷ ሂቦ ጠዋት የልጅቷን ፋይል ከፍታ ነበር። ሂቦን ወላጆቿ በጦርነቱ ሸሽተው ድሬዳዋ ስላሳደጓት አማርኛዋ ከእኔ አይለይም። አሁን ደም ዓይነት የሚለውን ስትነካው ስክሪኑ «ኤቢ» አለ።

የባሏ ወንድም ደሙ ኤ ነው። ለኤቢ ይሆናል ተብሎ ወዲያው ከእሱ ተቀዳ። የላብራቶሪው ሰው ገና ከእረፍት አልተመለሰም። በጥድፊያው ማንም ሊጠብቀው አልፈለገም።

የልጅቷ እናት ግን በሩ ላይ ቆመው አላሳልፍ አሉ።

«በመጀመሪያ ልጇ ጊዜ ይሄንኑ ሰውዬ ያንተ አይሆናትም ብላችሁ መልሳችሁታል። ደም ይለወጣል እንዴ?»

«እናቴ፣ ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» አለቻቸው ሂቦ።

ስክሪኑን አየሁ። ከላይ የልጅቷ ስም አለ። ደህና ነው ልል ስል ዓይኔ ሰዓቱ ላይ አረፈ። አስር ከሩብ። ማስታወሻው ከጠፋ ቆይቷል፤ ስሙ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው የቆየ ነው። ከታች ያለው የደም ዓይነት ግን አሁን የመጣ ነው፤ ተረኞቹ መጨረሻ ላይ ከከፈቱት የሌላ ሰው ፋይል፣ እኔ በጻፍኩት መስመር።

«ሂቦ፣ አቁሚ! ወላሂ ውሸት ነው፣ እንደገና ይመርመር!»

የላብራቶሪውን ሰው በሞተር አመጡት። እሱ እስኪጨርስ መቀመጥ አቃተኝ። ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለስኩበት፤ ያነበብኩትን ዱዓ መልሼ አነባለሁ፣ መሃሉ ላይ ይጠፋብኛል። ልጅቷ ኦ ሆና ተገኘች። የተቀዳው ደም ገብቶላት ቢሆን ይገድላት ነበር። እናትየውም ኦ ነበሩ፣ ክንዳቸውን ሰጡ። ልጅቷ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ሂቦ ላይ ጮኸ። «ዓይንሽ የት ነበር?» አላት። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። እንጀራዬ ነው፣ ፈራሁ። ግን መሃላቸው ገብቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ለእናትየውም ነገርኳቸው፤ ሂቦ በሶማልኛ አስረዳችልኝ። ማሽኑ ሲጠፋበት በግምት እንዲመልስ ያደረግኩት እኔ ነኝ አልኩ።

እሳቸውም «ካላወቀ አላውቅም ይበል» ብለው ወደ ልጃቸው ገቡ። በጥፊ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ከክሊኒኩ ሳልወጣ ያንን መስመር ሰረዝኩት። በምትኩ በሶማልኛ «አላውቅም፤ በሽተኛውን እንደገና ምረጡ» የሚል ጻፍኩ፣ በቀይ።

ሴትየዋን አሁንም አልፎ አልፎ ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሱኝ «አሁንስ አላውቅም ይላል?» ይሉኛል።

«ይላል፣ እናቴ» እላቸዋለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ዘንቢሌን ሳላስቀምጥ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ እንደገና አያለሁ።