ጥቁር ድዴና የመርካቶው ሌዘር

ከደብረ ታቦር ልወጣ ባልሁበት ዋዜማ፣ ገና መብራት ሳይበራ፣ እኅቴ ዘርፌ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ። ማኘክ እንደማልችል ታውቃለች፤ የላይኛው የፊት ጥርሴ በምላሴ ስነካው መነቃነቅ ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ቢሆንም መንገደኛ ባዶ እጁን አይሸኝም ብላ ቋጠረችው፤ እኔም አመስግኜ ተቀበልኋት። ስለ ሽታው ሁለታችንም ምንም አላነሣንም። ከአፌ የሚወጣውን ሽታ ማለቴ ነው። ይህን በግልጽ ካልጻፍሁት ለእናንተ ለአገሬ ሰዎችም ሆነ እንደ እኔ ከቤቱ ወጥቶ መርካቶ ለወደቀው ሁሉ ታሪኬ አይጠቅምም።

ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቼ በኃላፊነት ላይ ሳለሁ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በእኔ እጅ ገብቶ የጠፋ ፋይል የለም። ይህን የማነሣው የሌላውን ሁሉ ጉዳይ በሥርዓት የያዘች ሴት የገዛ አፏን እንዴት ሳታይ እንደ ቀረች እንድትረዱልኝ ነው። ምክንያቱ ጥቁር ድዴ ነው። እኔና ዘርፌ ልጆች ሳለን በአንድ ቀን፣ በአንድ መርፌ ተነቀስን። እናታችን ራሳችንን በጉልበቷ መሐል አጥብቃ ይዛ፣ ነቃሿ ድዳችንን እየወጋች ጥላሸቱን አስገባችው። ለውበት ነበር፤ ደግሞም ድድ ያጠነክራል፣ መድማትን ይከለክላል ይባል ነበር። በእርግጥም ስንስቅ ሰው ዘወር ብሎ ያየን ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለ ድድ ቢቀላ ማን ያየዋል? መፋቂያዬ ላይ ደም ባየሁ ጊዜም መፋቂያው ሻካራ ቢሆን ነው ብዬ መፋቄን ተውሁ። ለባሰው በር የከፈትሁት እኔው ነኝ።

የከተማችን ሐኪም አራቱ የፊት ጥርሶች ይነቀሉ አለ። መርካቶ ውስጥ ግን ያለ መንቀል፣ ያለ ደም፣ በሌዘር የሚያድን ክሊኒክ አለ ብለው ነገሩኝ። አራቱን ጥርሶቼን ይዤ ለመመለስ ወጣሁ።

ስደት ባሕር መሻገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በአውቶቡሱ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ገና ባሕር ዳር ሳንደርስ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ በረታ፤ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ዳቦ ቆሎውን ሰጠኋት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ። አውቶቡስ ተራ እስክንገባ ድረስም ፊቷን አልመለሰችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ጋር ስነጋገር አፌን በነጠላ መሸፈን ያዝሁ።

ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ አንዲት ክፍል አገኘሁ። አከራዬ ወይዘሮ ሸምሲያ ደንቡን በበሩ ላይ ቆመው ነገሩኝ።

«ውሃ በሁለት ቀን አንዴ ነው። መጸዳጃው ለስድስት ቤት አንድ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

«የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ?»

«እትዬ፣ ሳይቆለፍ ከዋለማ መርካቶ በሙሉ ነው የሚገባው።»

ከገባሁ በኋላ መርካቶ በሙሉ አስቀድሞ ገብቶ እንደ ወጣ ተረዳሁ። እኛ ቤት ጉድጓዱ ዳር በየጠዋቱ አመድ ይነሰነሳል፤ እዚህ ግን እግር የሚያርፍበት ደረቅ ቦታ አልነበረም። ትንፋሼን ይዤ ገብቼ ትንፋሼን ይዤ ወጣሁ። ወይዘሮ ሸምሲያ ቁልፉን ሲቀበሉኝ አመሰገኑኝ፤ «እርስዎ ጨዋ ሰው ነዎት፣ አፍዎን ሸፍነው ነው የሚናገሩት። የፊተኛዋ ተከራይ ጩኸቷ አውቶቡስ ተራ ይሰማ ነበር።» ስለ ጨዋነቴ የተሰጠኝን ይህን ምስክርነት ነጠላዬን ሳልገልጥ ተቀበልሁ።

ክሊኒኩ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ግድግዳው ተከፍተው በቀሩ የማላውቃቸው ሰዎች አፎች ፎቶ ተሞልቷል። መትፊያው ሳህን ላይ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ደም ደርቆ ተጣብቋል። ነጭ ጋውን የለበሰው ወጣት አፌን አይቶ ፈገግ አለ።

«ታቱ አለዎት፣ እትዬ።»

«ንቅሳት ነው።»

«መጀመሪያ እሱን በሌዘር እናነሣዋለን። ድድዎ ሮዝ ይሆናል።»

«የሚያመኝ ጥቁሩ ነው?»

«አይደለም። ግን ሮዝ ያምራል። ቪዲዮ ላይም ቁልጭ ብሎ ይወጣል።»

«የምን ቪዲዮ?»

«የእርስዎ ነዋ፣ በፊትና በኋላ። ፊትዎ አይታይም፣ አፍዎ ብቻ ነው። ዲስካውንትም አለው።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ የመጣሁት ጥርሴን ላድን ነው። ጥቁሩን እንዳትነካ። የምትሠራውንም በጽሑፍ አድርገህ ስጠኝ።»

«እትዬ፣ እዚህ ቢሮ አይደለም። ጥቁሩን አልነካም፣ በሽታውን ብቻ ነው፤ ይረጋጉ።»

ማኅተም የሌለው ወረቀት ተቀብዬ የማላውቅ ሴት፣ ያለ አንዳች ወረቀት አፌን ከፈትሁ። ያለ መንቀል የሚለው ቃል አታልሎኛል። ማደንዘዣ ወጋኝ፤ ስልኩን በያዘበት ጓንት ከንፈሬን ገለጠና ቀጭኑን የብርሃን ዘንግ አስጠጋ። ወዲያው ጢስ ወጣ። የበግ ራስ ሲለበለብ ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ፤ ያ ሽታ ከገዛ አፌ ወጣ። «ኖርማል ነው» አለ። ሁለተኛ «ኖርማል ነው» ሲለኝ እጁን ገፍቼ ተነሣሁ። በመስታወቱ ሳየው፣ ከሚነቃነቀው ጥርሴ በላይ የጥፍር ያህል ቦታ ነጭ ሆኖ ተቃጥሏል። «ድድዎ በጣም ጥቁር ስለሆነ ነው» አለኝ፣ ጥፋቱ የእኔ የሆነ ይመስል። የደረቀው ደም ላይ ሌላ ደም ተፍቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ሸምሲያ ቁልፍ ሊቀበሉኝ ሲመጡ ነጠላዬ ወርዶ አዩኝ። «ኧረ በአላህ፣ ይሄን ይዘው ነው ዝም ያሉት?» አሉና ነጠላዬን እንኳ ሳያስተካክሉልኝ፣ እጄን ይዘው የልጃቸውን ጥርስ ወዳከመችው ሐኪም ወሰዱኝ። ቤቷ ጠባብ ነው፤ መትፊያዋ ግን ታጥቧል።

ዶክተሯ ቁስሉን አየች። ቀጥላም «ጥላሸቱ የሌዘሩን ብርሃን ይጠጣዋል፤ ሙቀቱም እዚያው ይቀራል» አለችኝ። «የንቅሳት ድድ ላይ እንዲህ አይሠራም። ሌዘር በሚገባው ሰው እጅ ይረዳል፤ ከጥርስዎ ሥር የተጋገረውን ድንጋይ ግን በመሣሪያ ፍቀን ማንሣት አለብን።»

«ጥርሶቼስ?»

«አንዱን አላድነውም። ሦስቱን እንሞክራለን። ድድዎ እስኪጸና በየሦስት ወሩ ይመጣሉ።»

ከዚያም ድዴን በጣቷ ጫን አድርጋ ወደ ታች ሳበችው። በያዘችው የቁስል ጨርቅ ላይ ቢጫ መግል ወጣ። ወደ አፍንጫዬ አቀረበችልኝና «ያሽትቱት» አለች፤ «ጥቁሩ የደበቀብዎት መቅላቱን ነው፤ ይሄን ግን አይደብቅም።» ሸተተኝ። የሰው መጸዳጃ ያስጠየፈኝ ሴት ከዚያ የባሰ ይዤ እንደ ኖርሁ በዚያች ቁራጭ ጨርቅ ላይ አየሁት።

እንዲህ ሆኜ ቀረሁ። የደብረ ታቦር መንገድ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ በየሦስት ወሩ እየተመላለሱ መታከም አይታሰብም፤ ስለዚህ ክፍሏን አለቀቅሁም። አንዱ ጥርስ ተነቅሏል፣ ሦስቱ ቆመዋል። አፌን አልሸፍንም። ወይዘሮ ሸምሲያም ጨዋነቴን መጠራጠር ጀምረዋል።

ባለፈው እሑድ ዘርፌ ደወለች።

«ጥቁሩ አለ?»

«አለ። የጥፍር ያህል ጎድሏል።»

«እሱስ ምን አለበት። የእኔ እንኳ ደኅና ነው። መፋቂያ ከተውሁ ወዲህ ደምቶም አያውቅ።»

«መፋቂያ ለምን ተውሽ?»

«ሻከረብኝ።»

በዚያው ቀን፣ በዚያው መርፌ ነበር የተነቀስነው።

«ዘርፌ፣ ጣትሽን ድድሽ ላይ ጫን አድርገሽ ወደ ታች ሳቢና አሽትቺው።»

«አሁን?»

«አሁን። ስልኩን አትዝጊ።»

ግቢው ውስጥ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል። ቆይታ፣ «ምንም አይሸትም» አለችኝ፣ ፈጠን ብላ። ከዚያ ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀመጠችው፤ ውሃ ሲንቆረቆር፣ እጇን በሳሙና ስትታጠብ ሰማሁ። ብዙ ታጠበች።