ቤት እያላቸው አዳራሽ የሚያድሩት ሽማግሌ

ይህ ነገር የገጠመኝ አምና በታህሳስ ወር፣ ሰቆጣ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አውቄአለሁ፤ አባ ኪሮስን ግን ከልቤ ማውጣት አልቻልኩም።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። ሰቆጣ ስመደብ ዘመድ ቀርቶ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረኝም። ሥራዬ በከተማ አስተዳደሩ ማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ነበር። ያን ጊዜ ውርጩ በርትቶ በመናኸሪያው በረንዳና በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩ ሰዎች በብርድ እየታመሙ አስቸገሩ። አስተዳደሩ አንድ አሮጌ የስብሰባ አዳራሽ አስጠርጎ ከፈተላቸው። ነጋዴዎች ፍራሽና ብርድ ልብስ አዋጡ፤ የሰፈር ሴቶች ተራ ገብተው ሾርባ ይሠሩ ጀመር። እኔ ወደ ማታ ሰዎቹን ተቀብዬ መኝታ አስይዛለሁ።

ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት አባ ኪሮስ ነበሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ከገቡም በኋላ ፍራሻቸው ላይ አይቀመጡም። የመጣውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ፣ የአገሩን ሰው በቋንቋው በኽምጣና፣ ሌላውን በአማርኛ፣ እንዴት እንደዋለ፣ እግሩ እንደተሻለው፣ እህል እንደቀመሰ ይጠይቃሉ። ጠዋት ደግሞ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው የሚወጡት።

አንድ ምሽት ከአጎራባቹ ዝቋላ ወረዳ የመጣች ሴት ሕፃን አዝላ በሩ ላይ ቆመች። አዳራሹ ሞልቷል። ለዚያ ሌሊት እዚያ የሚያድሩት ሴቶች ተጠጋግተው መሀላቸው አስተኟት። በማግስቱ ኃላፊዬ ጠራኝ። አባ ኪሮስ ከገበያው በላይ የራሳቸው የቆርቆሮ ቤት እንዳላቸው ሰው ነግሮታል። ቤት ያለው ሰው ቤት የሌላትን ቦታ መያዝ የለበትም፣ ሄደሽ ንገሪያቸው አለኝ። እውነቱን ነው።

ረፋዱ ላይ ጠያይቄ ሄድኩ። ሲያዩኝ አልደነገጡም፤ ግቢ አሉኝ። ቤቱ ጥርግ ብሎ የጸዳ ነው። አልጋው ተነጥፎ ብርድ ልብሶች ላዩ ላይ ተጣጥፈዋል። ምድጃው ግን እሳት ካየ የቆየ ይመስላል። ባለቤታቸው ሞተዋል። ወንዱ ልጃቸው በጦርነቱ እንደወጣ ቀርቷል፤ ሴቷ አረብ አገር ሄዳ ድምጿ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ሆነው ነው።

የመጣሁበትን ጉዳይ ማንሳት አቃተኝ። ራሳቸው ጀመሩት።

"ቤት እንዳለኝ ደረሳችሁበት?"

"አዎ አባ። ሕፃን የያዘች ሴት መጥታብን ነው።"

"ልክ ናችሁ" አሉ። ከዚያ ወደ ብርድ ልብሶቹ እያመለከቱ "ብርዱን ፈርቼ አይደለም እኮ ልጄ። የምለብሰውማ ይኸው አለኝ። ባስነጥስ ይማርህ የሚለኝ ነው ያጣሁት" አሉኝ።

ከአልጋው ላይ አንዱን ብርድ ልብስ አንስተው ለሕፃኑ ብለው ሰጡኝ። ታቅፌው ወጣሁ፤ መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። ያለቀስኩት ለእሳቸው ብቻ አይደለም። እኔም ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ሰበብ እየፈለግሁ እዚያው አዳራሹ ውስጥ እቆይ ነበር። የተከራየኋት ክፍል ከገባሁ እስኪነጋ የማናግረው ሰው የለኝም።

ያን ምሽት አባ ኪሮስ አልመጡም። የገባው ሁሉ የት ሄዱ ይለኛል። እውነቱን ነገርኳቸው። ሾርባው ቀረበ፤ ማንም ማንንም እንዴት ዋልክ አላለም። ወልዱ የሚባል፣ እግሩ ከመጎዳቱ በፊት የቀን ሠራተኛ የነበረ ሰው ምርኩዙን ተደግፎ ወደ እኔ መጣና ቤታቸው ሰፊ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለሁለት ሰው እንደሚበቃ ነገርኩት።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ወልዱ ደፉ ላይ ቆሞ እንዲህ አላቸው፦

"አባ፣ እርስዎ ቤት አለዎት፤ እኔ የለኝም። እኔ ደግሞ አስላለሁ፣ አንኮራፋለሁም። ያስጠጉኛል?"

አባ ኪሮስ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ በኽምጣና አንድ ነገር አሉት። ወልዱ ሳቀና ገባ። ምን እንዳሉት አልገባኝም፤ አልጠየቅሁምም። ሁለቱ እያወሩ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

ኃላፊዬ ይህን ሲሰማ ብቻቸውን የሚኖሩ ሌሎች አረጋውያንንም እንዳነጋግር አዘዘኝ። ጥቂቶቹ ሰው አስጠጉ፤ ብዙዎቹ ፈሩ፤ አልፈርድባቸውም። ብርዱ ሲያልፍ አዳራሹ ለስብሰባ ተፈለገና ተዘጋ። አብዛኞቹ ወደየበረንዳቸው ተመለሱ። ከዝቋላ የመጣችውም ሕፃኗን አዝላ ወደ አገሯ ሄደች አሉ። ወልዱ ግን እዚያው ቀረ።

አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሁለቱም በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ስለ አንድ በግ ይከራከራሉ። ቆሎ ሰጡኝ፤ ጥቂት ተጫወትንና ልሄድ ተነሣሁ።

"ምን ያስቸኩልሻል?" አሉኝ አባ ኪሮስ። "የሚጠብቅሽ ሰው አለ?"

ሰው እንዲህ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ "አለ" ነበር የምለው። ያን ቀን ግን መዋሸት አቃተኝ።

"የለም አባ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ተቀመጪ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። ቀኑ እስኪመሽ ሦስታችንም እዚያው ነበርን።

አሁን ወደ ደሃና ወረዳ ተዛውሬ ሌላ ክፍል ተከራይቻለሁ። ብቸኝነቱ ተከትሎኝ መጥቷል፤ ማታ ማታ በተለይ ይከብደኛል። ነገር ግን የሚጠብቀኝ ሰው እንዳለ የሚጠይቀኝ ሲገኝ እውነቱን እናገራለሁ። አንዳንዱ ሰምቶ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ወንበር ይስብልኛል።