የገዛ ተዝካሩን የበላ ሰው

ልጅ ሳለሁ፣ ቢቸና ውስጥ፣ በዓል በመጣ ቁጥር የጎረቤቶቻችን ቤት በዘመድ ይሞላ ነበር፤ የእኛን በር ግን ማንም አያንኳኳም። እናቴ እኔን ስትወልድ ሞታለች፤ የአባቴ ነገር ቤታችን ውስጥ አይነሳም። የቀሩኝ የእናቴ አባት፣ አባባ ወርቁ ብቻ ነበሩ። ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉ፣ ቁጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ነበሩ።

ሲመሽ የስፌት መኪናውን ወደ ቤት አስገብተን ኩራዙን ራሱ ላይ እናስቀምጥና፣ እሳቸው ያደረ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ እኔም ምድጃው ዳር ኩርምት ብዬ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ። ያኔ ተረት የሚወጣቸው እጃቸው ሥራ ሲይዝ ብቻ ነበር። ክሩን በከንፈራቸው አርጥበው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በመርፌው ቀዳዳ እስኪያሾልኩት ድረስ ጅቡም አህያዋም ባሉበት ይቆማሉ፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። እስከ ዛሬ የጭስ ሽታ ከአዲስ አቡጀዴ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ሆዴ ይባባል።

ከተረቶቻቸው ሁሉ ባለታሪኩ ስም ያለው አንዱ ብቻ ነበር። ወልደ ሐና የሚባል ሰው ነበረ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በርስት ተጣላና ዓባይን ተሻግሮ ጠፋ። ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩ ናፍቆት ቢመለስ፣ ደጃፋቸው ላይ ዳስ ተጥሎ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። «የማን ድግስ ነው?» ቢል፣ «በሰው አገር የሞተው የወልደ ሐና ተዝካር ነው» አሉት። ጢሙ አድጎ፣ ፊቱ ከስቶ ነበርና የሚያውቀው ጠፋ። ከነዳያኑ ጋር ተቀመጠ፣ የቀረበለትን በላ፣ እንደ ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» አለና ተነስቶ ሄደ።

እኔ በሳቅ ፍርስ አልኩ። «ለምን ‹እኔ ነኝ፣ አለሁ› አላለም? ሞኝ ነው እንዴ?»

አባባ አልሳቁም። «ወንድሙን እያለቀሰ ሲያስተናግድ አየዋ። አለሁ ቢል ያ እንባ ነገ ተመልሶ ጠብ ይሆናል። አንቺ ቆሎሽን ብዪ» አሉኝ።

የሰፈር ልጆች አያቶቻቸውን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ እኔ ካሴ ላይ እቆም ነበር። እናቴ፣ ወርቁ፣ ካሴ። «ከካሴ ወዲያስ?» ስላቸው፣ አባባ «ከዚያ ወዲያ ሞጣ ነው» ይሉና የስፌት መኪናውን መርገጥ ይቀጥላሉ። ሞጣ ለእኔ ሰዎች ገብተው የማይወጡበት አገር መስሎኝ ነው ያደግሁት።

አድጌ ወረዳው መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስም ስጽፍ ኖርኩ፤ ቅጽ ላይ ባዶ መስመር የሚተውብኝን ባለጉዳይ እንዴት እቆጣ እንደነበር የሚያውቀኝ ያውቀዋል። አባባ አረፉ። ባል አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ባለፈው ክረምት፣ ታምሜ ጤና ጣቢያ ተኛሁ፤ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች ነርስ «የቅርብ ዘመድ ስም» ብላ ብዕሯን ይዛ ጠበቀችኝ። ብፈልግ፣ ብፈልግ የምላት አጣሁ። ልጅቷ አዝናልኝ መስመሩን ባዶውን አለፈችው። አፈርኩ። ያን ቀን አንድ የሥጋ ዘመድ ሳልፈልግ እንዳልሞት ለራሴ ነገርኩት።

ከአባባ ሳጥን ሦስት ወረቀቶች አወጣሁ። መታወቂያው «ወርቁ ካሴ» ይላል፤ የሥራ ፈቃዱ «ወርቅነህ ካሳ»፤ የቤት ግብር ደረሰኙ «ወርቄ ካሳዬ»። የሥራ ባልደረቦቼን አመል ስለማውቅ አልገረመኝም። ሦስቱንም በላስቲክ ጠቅልዬ ደብረ ወርቅን አልፌ ሞጣ ገባሁ። እዚያ ገበያ ውስጥ አንድ ሸማ የሚነግዱ አዛውንት ሐጂ፣ የአባታቸው ደንበኞች የነበሩ የካሴ ቤተሰቦች ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ደብር አጠገብ እንደሚኖሩ ነገሩኝ። ቀኑ እሁድ ነበርና በባጃጅ ስደርስ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሰንበቴ ቤት ተቀምጧል። እንግዳ መሆኔን አይታ አንዲት ሴት ዳቦ ቆርሳ፣ ጠላ ቀድታ አቀረበችልኝ። ዳር ላይ ተቀምጬ በላሁ።

ከዚያ የሙታንን ስም መዝገብ የሚይዙትን ቄስ ለብቻቸው አግኝቼ ወረቀቶቼን ዘረጋሁላቸው። ስሞቹን አንድ በአንድ አንብበው ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ የዓለም ስም ነው። እኛ ሙታንን የምንጠራው በክርስትና ስማቸው ነው። የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?»

አብሬያቸው ያን ያህል ዓመት ኖሬ አልጠየቅኋቸውም። በቀብራቸው ዕለት የንስሐ አባታቸው ጠርተውታል፤ እኔ በልቅሶ መሀል አልሰማሁም። የስንቱን ስም የጻፈች ሴት የገዛ አያቷን ስም አታውቅም።

«እንግዲያው ያስጻፈውን ዘመድ ይዩልኝ፤ የካሴ ልጅ ካለ» አልኳቸው።

ቄሱ መዝገቡን ወደኋላ፣ ወደኋላ ገለጡት። ጣታቸውን አንድ የወየበ ገጽ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው አነበቡ። «አለሙ ካሴ ያስጻፈው። እናቱ ወለተ ጽዮን። ወንድሙ ወልደ ሐና፣ በሰው አገር የቀረ።»

የአባባ እጅ፣ ክሩ፣ ኩራዙ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። እኔ ስስቅ እሳቸው ያልሳቁት ለዚህ ነበር። ምድጃ ዳር ተረት ሲነግሩኝ፣ እዚህ በየዓመቱ ስማቸው ከሙታን ጋር እየተጠራ ነበር።

«አወቅሻቸው?» አሉ ቄሱ።

«ሰምቼ ነበር» አልኩ።

«ቅድም ዳቦውን የሰጠችሽ የአለሙ የልጅ ልጅ ናት። ልጥራት?»

የመጣሁት ለዚህ ነበር እኮ። ግን በመስኮቱ አየኋት፤ ነጠላዋን አሸርጣ የሰው ሳህን እያነሳች ከሴቶቹ ጋር ትጫወታለች። መሬት ፈልጋ መጣች ትለኝ ይሆን? አያቷ ያለቀሱት እንባ ውሸት ነበር ልበላት?

«አይ፣ አባ። መኪና ያመልጠኛል» አልኩ። መኪናው እንኳ ሊነሳ ገና ብዙ ጊዜ ነበረው።

በሩ ላይ ስደርስ ሴትዮዋ ከኋላዬ ተጣራች። ሮጣ መጥታ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ቁራሽ ዳቦ እጄ ላይ አኖረችልኝ። «ለመንገድሽ ነው። የአያቶቼን ዝክር ነው የደገስኩ፤ ነፍስ ይማር በያቸው» አለችኝ። አገጯ ቁርጥ የአባባ ነበር።

«ነፍስ ይማር» አልኩና ሄድኩ።

ቢቸና ከተመለስኩ ወራት አለፉ። አሁን ስቆጥር ካሴ ላይ አልቆምም፤ ወለተ ጽዮን አለች፣ አለሙ አለ። ያቺን ሴትዮ ግን ስሟን ሳልጠይቃት ነው የመጣሁት። አባባ ከወንድማቸው ጋር ጠብ ፈርተው ዝም አሉ፤ እኔ የምጣላበት መሬት እንኳ የለኝም። ያኔ «ሞኝ ነው እንዴ?» ብላ የሳቀችው ልጅ አሁን ብታገኘኝ ምን ትለኝ ነበር እላለሁ። የጤና ጣቢያው ካርድ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ መስመሩ አሁንም ባዶ ነው።